ለላስታ ተራራ የሚሰናዳ መኪና

አንባቢ ሆይ! መኪናህን ይዘህ ወደ ላስታ ለመሄድ ያሰብህ እንደ ሆነ፥ ሞተሩን ከማስነሣትህ በፊት አንድ ነገር ላጫውትህ። በዘላለም በረዶ የተሸፈነው የደቡብ ዋልታ ከባሕር ወለል በላይ 2,835 ሜትር ከፍታ አለው። ከላሊበላ በስተሰሜን ምሥራቅ የቆመው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግን ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። ከተማዪቱም ራሷ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። በብርዱ ላስታን ከዋልታው ጋር የሚያወዳድር ማንም የለም፤ በከፍታው ግን ተራራችን ይበልጣል። ስለዚህ ወደ ዋልታ የሚሄዱ ሰዎች መኪናቸውን እንዴት እንደሚያሰናዱ ማወቅ ለላስታ መንገደኛም ይጠቅማል።

በ1945 ዓ.ም. የኤቨረስትን ጫፍ የረገጠው ኤድመንድ ሂላሪ፥ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ወደ ደቡብ ዋልታ ሲነሣ የያዘው ልዩ መኪና አልነበረም። ገበሬ የሚያርስበትን የፈርጉሰን ትራክተር ወሰደና በጎማዎቹ ዙሪያ እንደ ታንክ ያለ የብረት ሰንሰለት አጠለቀበት፤ ነጂውን ከነፋስ የሚከልል ሸራም አበጀለት። በረዶው በድንገት ተሰንጥቆ አንዱን ቢውጥ ሌሎቹ ይዘው እንዲያስቀሩት ትራክተሮቹን እርስ በርስ በገመድ አስተሳሰራቸው። በዚህ ዓይነት ሦስቱ ትራክተሮች ታኅሣሥ 26 ቀን 1950 ዓ.ም. ዋልታው ላይ ደረሱ። ለገና በዓል ሦስት ቀን ሲቀረው ማለት ነው፤ በዚያው ሰሞን የእኛ ምእመናን በእግራቸው ወደ ላሊበላ ይጎርፋሉ።

ከዚያ ወዲህ የአይስላንድ ሰዎች ሌላ ብልሃት አስፋፉ። ትልልቅና ሰፋፊ ጎማ ይገጥሙና፥ በረዶው ላይ ሲደርሱ ነፋሱን እጅግ ያጎድላሉ። በመደበኛ መንገድ 30 ፓውንድ ግፊት የሚሞላው ጎማ እስከ 3 ወይም 4 ፓውንድ ይወርዳል። እንዲህ የለሰለሰ ጎማ እንደ ግመል እግር ተንጣሎ ክብደቱን በሰፊው ስለሚያሳርፍ መኪናው አይሰጥምም። በ1999 ዓ.ም. በእነርሱ የተሰናዳ የቶዮታ ሃይሉክስ መኪና፥ ሰሜናዊው መግነጢሳዊ ዋልታ ቀደም ሲል ተለክቶ ወደ ነበረበት ስፍራ ለመድረስ በቃ።

አሁን ወደ ላስታ እንመለስ። ከወልድያ ተነሥተህ የድልብን ዳገት ስትወጣ ሞተሩ እንደ ደከመው በቅሎ ያቃስትብሃል። ምክንያቱ የአየሩ መሳሳት ነው። በአቡነ ዮሴፍ ከፍታ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ከአምስት እጅ ሦስቱ ያህል ብቻ ነው። ሞተር እንደ ሰው ሳይተነፍስ አይሠራም፤ አየሩ ሲያንሰው ጉልበቱም ይቀንሳል። ካርቡራተር ያለው አሮጌ መኪና ከሆነ ቤንዚኑ ከአየሩ ስለሚበዛ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ስለዚህ ካርቡራተሩን ለከፍታው አስተካክለህ፥ የአየር ማጣሪያውን አጽድተህ ተነሣ።

ውኃም በደጋ ቶሎ ይፈላል። በላሊበላ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን ከ92 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ነው። ራዲያተሩን ከመፍላት የሚያድነው በክዳኑ ታፍኖ የሚቀረው ግፊት ስለሆነ፥ ያረጀውን የክዳን ጎማ ለውጥ። ሌሊቱን በተራራው ላይ የምታድር ከሆነም ውርጩ ራዲያተሩን እንዳይሰነጥቀው፥ በውኃው ውስጥ ቅዝቃዜ የሚከላከል ፈሳሽ ጨምር።

ከጋሸና ታጥፈህ ወደ ላሊበላ የምትጓዘው 64 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደጋው ወደ ተከዜ ሸለቆ ቁልቁል ስትወርድ በፍሬን ብቻ አትተማመን፤ ብዙ የተረገጠ ፍሬን ይግልና በክፉ ቦታ ላይ እምቢ ይልሃል። ከባድ ማርሽ አስገብተህ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝ አድርግ። ከዋናው መንገድ ወደ ገጠር ስትወጣም የአይስላንዶቹን ብልሃት በልክ ያዘው። በድንጋያማ መንገድ ነፋሱ የጎደለ ጎማ ጎኑን በስለት ድንጋይ ይቀደዳል። በክረምት የዋልካ ጭቃ ከገጠመህ ደግሞ ሰንሰለትና አካፋ ይረዱሃል፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ፀሐይ እስክታደርቀው ድረስ መታገሥ ነው። የመንገዱንም ሰላም ሳትጠይቅ ከቶ አትነሣ።

ጋሸና ስትደርስ የቆምህበት የዋድላ ደጋ ከሂላሪ ትራክተር የሚበልጥ ጉዞ አይቷል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በሠረገላ አስጭነው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ተነሡ። መድፉ 70 ኩንታል ያህል ይመዝን ነበር። በዋድላና በደላንታ ደጋ፥ በጅጣና በበሽሎ ገደል የሚያሳልፍ መንገድ አልነበረምና ንጉሠ ነገሥቱ መንገዱን እየጠረጉ ሄዱ። እርሳቸውም ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። መድፉ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ወር፥ ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። ዛሬም በዚያው አምባ ላይ ተቀምጦ ይታያል።

እንግዲህ ልብ በል! ሂላሪ መንኰራኵሩን ለወጠ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ መንገዱን ለወጡ። የላስታ ሰው ግን ከሁለቱም የቀደመ ሦስተኛ ብልሃት አለው፤ እርሱም ሸክምን መለወጥ ነው። አቀበት ከመጀመሩ በፊት የበቅሎውን ጭነት ያያል፤ የሚከብደውን ይቀንሳል፤ የቀረውን ግራና ቀኝ ያስተካክላል። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትም የታነጹት ድንጋይ በድንጋይ ላይ በመጨመር አይደለም። ቤተ ጊዮርጊስን ስታይ የምታደንቀው ጠራቢው ከአለቱ ላይ ቀንሶ ያስቀረውን ነው።

አንተም መኪናህን ስታሰናዳ እንዲሁ አድርግ። ከከተማ የሚነሣ ሰው አልጋውን፥ ወንበሩን፥ የቢራ ሣጥኑን ሁሉ በፖርቶመጋላው ላይ ይከምርና ወደ ገደሉ ያቀናል። ከላይ የከበደ መኪና በጠመዝማዛ መንገድ ለመገልበጥ የቀረበ ነው፤ በሳሳው አየር ጉልበቱ የቀነሰው ሞተርም ዳገቱን አይችለውም። ሁለት ተቀያሪ ጎማ፥ ክሪክ፥ አካፋ፥ ገመድ፥ ነዳጅ፥ ውኃና ወፍራም ጋቢ ከያዝህ ይበቃሃል። የቀረውን ቤትህ ተወው።

ስለ መጨረሻው ነገር ግን አደራ እልሃለሁ። የኋላውን ወንበር ባዶ አድርገህ ሂድ። ከተራራው ወገብ ላይ ካሉት መንደሮች ምጥ የጠናባት ሴት ወይም በሽታ የጸናበት ሽማግሌ የሚወርደው በቃሬዛ፥ በሰው ትከሻ ነው። ተሸካሚዎቹ ሰዓታት ተጉዘው ከመንገዱ ዳር ሲደርሱ መጀመሪያ የሚያዩት የአንተን መኪና ሊሆን ይችላል። እጃቸውን አንሥተው ቢያቆሙህና ውስጡ እስከ ጣሪያው በዕቃ የተሞላ ቢሆን፥ ምን ብለህ ትመልስላቸዋለህ?

ወደ ደቡብ ዋልታ የሚሄድ መኪና በመንገዱ ላይ ማንም አይጠብቀውም። በላስታ ግን የሚጠብቅህ ሰው አለ፤ መኪናህን ስታሰናዳ እርሱን አስበህ አሰናዳ። ተራራው ከዚያ በላይ መኪና አላሳልፍም ያለህ ቀንም አትዘን፤ ቆልፈህ ውረድና በቅሎ ተከራይ። የአቡነ ዮሴፍን ጅብራና ጭላዳ ለማየት ከበቅሎ የተሻለ ነገር እስካሁን አልተሠራም።

መልካም ጉዞ!