ዓይን ለደከመ ሰው የሚተረክ እሽቅድምድም

እናታችን ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የቢስክሌት እሽቅድምድምን በቴሌቪዥን የሚከታተሉት በጆሯቸው ነው፤ የእንግሊዝኛውን ትረካ የምንተረጕምላቸውም እኛ ነን። በችሎት የምስክር ቃል ስንጽፍ የኖርን ስለ ሆነ፥ ማን፥ የት፥ ስንተኛ መባሉን እንሻለን። አንዳንዱ ተራኪ ግን ስለ መንገድ ዳር ግንብና ስለ ወይን ጠጅ ሲያወራ ይውላል፤ ቢስክሌተኞቹ ተከታትለው የሚሄዱት፥ የፊተኛው ነፋሱን ሲከላከል የኋለኞቹ ጕልበት ስለሚቈጥቡ መሆኑን አይናገርም። ይህን ከራሳችን ጨመርንላቸው፤ በችሎት ብናደርገው ኖሮ ያስቀጣን ነበር።

ሰኔ 24 ቀን 2016 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ 3ኛ ቀን፥ ከ230 ኪሎ ሜትር ጕዞ በኋላ ቱሪን ላይ፥ ተራኪው የአሸናፊውን ስም ለይቶ ጠራ። በዚያ ውድድር የአንድ ቀን ድል ያገኘ የመጀመሪያው ጥቍር አፍሪቃዊ ነበረ። ልንተረጕም አፋችንን ስንከፍት እናታችን ቀድመውን፥ «ቢንያም ግርማይ አለ እኮ! የአስመራው ልጅ!» ብለው እልል አሉ።