ቢሉን ልጁ ያነባል፣ ሆምወርኩን እኛ እንሠራለን

ምግብ ቤቴ ፌርፋክስ ላይ ነው። ከተማው በ2002 ሰፈራችንን «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሲሰይም እዚሁ መንገድ ላይ በአስተናጋጅነት እሠራ ነበር። ያኔም ሆነ ዛሬ ያልተቀየረ ነገር አለ። ምሳ አልቆ እራት እስኪጀመር ቤቱ ጭር ሲል፣ የሠራተኞች ልጆች ከትምህርት ቤት መጥተው ከኋላ ያለው ጠረጴዛ ላይ ይሰበሰባሉ። ሽሮ ይበላሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ሆምወርክ ይሠራሉ። እኔ አስተማሪ አይደለሁም፤ ኮሌጅም ሁለት ዓመት ተምሬ ነው ወደ ሥራ የገባሁት። ግን ልጅና ወላጅ ሲነጋገሩ ስሰማ ስንት ዓመቴ!

«የዘንድሮ ልጅ ኃላፊነት አያውቅም» ሲባል አልስማማም። የ9 ዓመት ልጅ ለእናቱ የጋዝ ቢል ያነባል። ስልክ ኩባንያ ሲደወል እሱ ነው የሚያወራው። ክሊኒክ ሄዶ አያቱ የት እንደሚያማት ለዶክተሩ ይናገራል። ይህ ከኃላፊነትም በላይ ነው። ያው ልጅ ግን ሆምወርክ ላይ ሲደርስ እናቱ ቦርሳውን ትከፍታለች፣ ወረቀቱን ትፈልጋለች፣ እርሳሱን ትቀርጻለች፤ አባትየው መልሱን ይነግረዋል። የእኛን ሸክም አሸክመነው የራሱን ወስደንበታል። ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ሁለት ሥራ ውሎ ማታ 3 ሰዓት ቤት የገባ ሰው፣ ልጁ እስኪያስብ ከመጠበቅ መልሱን መንገር ይቀለዋል።

አንድ ደንበኛዬ፣ ማታ ፓርኪንግ የሚሠራ አባት፣ የ4ኛ ክፍል ልጁን ሪፖርት ካርድ ይዞ መጣ። ደስ ብሎታል። «እትዬ፣ በንባብም ሁለት፣ በሒሳብም ሁለት!» አገር ቤት ካርድ ላይ ደረጃ ስለሚጻፍ ልጁ ሁለተኛ የወጣ መስሎታል። እዚህ ሎስ አንጀለስ ዩኒፋይድ ውስጥ ግን የአንደኛ ደረጃ ተማሪ የሚመዘነው ከ1 እስከ 4 ነው። 3 ማለት ለክፍሉ የሚጠበቀውን አሟልቷል ማለት ነው፤ 2 ገና ይቀረዋል። ልጁ ሽሮውን እያየ ዝም አለ። ያውቃላ! የቤቱ አስተርጓሚ እሱ አይደል? የሚበጀውን ይተረጉማል፣ የማይበጀውን ይዘላል።

ለአባትየው እኔ አልነገርኩትም። ልጁን «አንተ ንገረው፤ ሁለት ምን ማለት ነው?» አልኩት። ብዙ ቆይቶ ተናገረ። አባቱ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ዝም አለ። ልጁን ያስለቀሰው ዝምታው ነው።

«ቱተር ልቅጠርለት?» አለኝ በኋላ። ሁላችንም እንዲህ ነን፤ ነገሩን በገንዘብ ቶሎ መዝጋት እንወዳለን። መጀመሪያ ልጁን ጠይቀው አልኩት። ልጁ የከበደውን ያውቃል፤ ጽሑፉ ሲረዝም መሃል ላይ ይጠፋበታል። ስለዚህ መጽሐፉን ራሱ መርጦ፣ አባቱ ለሥራ ከመውጣቱ በፊት በየቀኑ 20 ደቂቃ ጮክ ብሎ ሊያነብለት፣ ያነበበውንም በአማርኛ ሊነግረው ተስማሙ። አባትየው እንግሊዝኛው ሙሉ ለሙሉ ባይገባውም ልጁ ሲደናቀፍ ይሰማል። ታሪኩ ከተቆረጠ ደግሞ «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላል። ልጁም ተመልሶ ያነባል። በሚቀጥለው ካርድ ንባብ 3 ሆነ። ሒሳብ አሁንም 2 ነው።

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት እያንዳንዱ ልጅ በራሱ ፍጥነት ነበር የሚሄደው። አንዱ ሀሁ ላይ ነው፣ ሌላው ዳዊት ይደግማል፤ ቀድሞ ያወቀው ኋላ የመጣውን ያስቀጽላል። ዱላው ይመለስ አላልኩም፣ እሱ እዚያው ይቅር። ግን ለሌላ ያስረዳ ልጅ ትምህርቱ የእማዬ ወይም የቲቸሯ ነው ብሎ አያስብም።

እኛ ጠረጴዛ ላይ ቦርሳ የሚከፍተው ባለቤቱ ብቻ ነው። ከአስተናጋጆቹ የማዘዣ ወረቀት አንድ ይወስድና የዕለቱን ሥራ ራሱ ይጽፋል። ሲጨርስ፣ እንደ ኩሽና ትዕዛዝ፣ ሽቦው ላይ ይሰካዋል። ያልጨረሰውን ማንም አይሰካለትም። ሆምወርኩን ቤት ረስቶ ከሄደም እናቱ ከሥራ አስፈቅዳ ይዛለት አትሮጥም፤ ለቲቸሯ ራሱ ይናገራል። በ3ኛ ክፍል መርሳት የሚያስከፍለው ትንሽ ነው፣ ኮሌጅ ሲገባ ነው በዶላር የሚሆነው። አንድ ቀን ትንሿ ክፍልፋይ አልገባኝም ስትል፣ ትልቋ አንዱን እንጀራ ለ4 ቆርጣ 3ቱን፣ ሌላውን ለ8 ቆርጣ 6ቱን ጎን ለጎን አስቀመጠችላት። እኩል ሆነ። ከዚያ ተበላ።

መጽሐፍ ደግሞ ጋርድነር ጎዳና ላይ ባለው የፌርፋክስ ቤተ መጻሕፍት በነፃ ነው። የሎስ አንጀለስ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ከ2020 ጀምሮ ለዘገየ መጽሐፍ ቅጣት አያስከፍልም። ካርዱ በልጁ ስም ይውጣ፤ የመመለሻውን ቀንም እሱ ያስታውስ።

የወላጅና የመምህር ስብሰባ ሲመጣ ግን፣ እባካችሁ፣ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የመጣ ግዴታ ስላለ፣ ትምህርት ቤቱ ለወላጅ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት አለበት፤ አስተርጓሚውም በነፃ ነው። ቀኑ ሳይደርስ ቢሮ ሄዳችሁ «አማርኛ» ብላችሁ ጠይቁ። ልጁ አብሯችሁ ይግባ፣ ግን ለራሱ ይናገር፤ የቱ ደህና እንደሄደለት፣ የቱ እንዳቃተው። መምህሯ ከዚያ ትጨምርበት፣ እናንተ በመጨረሻ ጠይቁ። ቀጠሮው አጭር ስለሆነ የሚናገረውን ቤት ሳለ ወረቀት ላይ ይጻፈው፤ በእንግሊዝኛም ይሁን በአማርኛ፣ እሱ በመረጠው።