ለዘመሮው አይሱዙ ዲስክ ይሻለዋል?

የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ከተማ በሆነችው ዘመሮ አይሱዙ የሚነዳ አንድ ወጣት አለ። መኪናው የእሱና የወንድሙ ነው፤ ብድሩ ገና አላለቀም። ሲወጣ ገብስና በግ፣ ሲመለስ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮና ቢራ ይጭናል። ይህ ልጅ ባለፈው ክረምት አንድ ሐሳብ ያዘው፦ የኋላ ፍሬኑን ታምቡር አውልቆ ዲስክ መግጠም። ገንዘብ አስቀምጧል። ሶማሌ ተራ ወርዶ ከሌላ መኪና የወጣ ዲስክና ካሊፐር ጠይቋል። ስልኩ ላይ የውጭ አገር መካኒኮች እየቀለዱ ሲቀይሩ የሚያሳይ ቪዲዮ አለው። "መርሴዲስ የተወውን ታምቡር እኔ ምን አድርጌ ነው የምሸከመው?" ይላል።

ሐሳቡን ያመጣው ፍርሃት ነው። ከመንዝ የሚመጣው መንገድ ጣርማ በር ላይ ከደሴው መንገድ ጋር ይገናኛል። ከዚያ ጣሊያን በወረራው ዘመን የበሳውን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ነው። ልጁ ሙሉ ጭኖ ሲወርድ ፔዳሉ እግሩ ሥር ለሰለሰ። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ጋቢናውን ሞላው። ረዳቱ ታኮ አንስቶ በሩን ከፍቷል። ጭነቱ ላይ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርዱ ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ነበር፤ መቀመጥ አልነበረባቸውም፣ ግን ሌላ መኪና አላገኙም። ማርሹን ወደ ታች አስገብቶ፣ ሞተሩን እያስጮኸ፣ ወደ ተራራው ጥግ አስጠግቶ አቆማት። ማንም አልተጎዳም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን የታምቡር ስም ሲጠራ ፊቱ ይለወጣል።

ጥላቻው ያለ ምክንያት አይደለም። የፍሬን ሥራ እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት መለወጥ ነው። ከነጭነቱ ሰባት ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት አንድ በርሜል፣ ማለትም 200 ሊትር፣ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ደግሞ ቁልቁለቱ ከ1,500 ሜትር ይበልጣል። ንፋስና ጎማ ከዚህ የሚወስዱት ጥቂቱን ነው። የቀረውን ወይ ሞተሩ ይይዘዋል፣ ወይ ሸራው ላይ ያርፋል። ታምቡር ደግሞ እንደተከደነ ድስት ነው። ሙቀቱ ውስጥ ተፈጥሮ በብረቱ ውፍረት አልፎ ነው የሚወጣው። ሲግል ይሰፋል፣ ሲሰፋ ከሸራው ይርቃል፣ ፔዳሉም ወደ ታች ይሄዳል። ሸራው ራሱ ከመጠን በላይ ሲግል መያዙን ይተዋል። አንዳንድ ሾፌር በዚህ ጊዜ የጋለው ታምቡር ላይ ውሃ ይደፋል፤ ብረቱ ይሰነጠቃል፣ የሚቀጥለው ጉዞ ከዚህኛው ይብሳል።

ዲስክ ገላጣ ላይ ያለ ብረት ነው። ነፋስ በሁለቱም ፊት ያገኘዋል። ሲግልና ሲሰፋም ወደ ሸራው ይጠጋል እንጂ አይርቅም። ወንዝ ሲሻገር ቢርስ ቶሎ ይደርቃል። መርሴዲስ በ1996 እ.ኤ.አ. አክትሮስን ሲያወጣ በሁሉም ጎማ ላይ ዲስክ የገጠመው ለዚህ ነው። ልጁ እስከዚህ ልክ ነው። ቪዲዮው ያልነገረው ሌላ ነገር አለ፦ አሜሪካ በ2009 እ.ኤ.አ. ለከባድ ጎታች መኪኖች በሰዓት 96 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ለመቆም የሚፈቀደውን ርቀት ከ108 ሜትር ወደ 76 ሜትር ስታወርድ፣ ብዙዎቹ አምራቾች ታምቡሩንና ሸራውን አስፍተው ነው ሕጉን ያሟሉት።

ልጁ ሐሳቡን ይዞ በወጣትነቱ ኤንትሬ ፊያት ሲፈታ የኖረ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄደ።

"ጋሼ፣ ዲስክ ይሻላል አይደል?"

"ይሻላል።"

"ታዲያ እንግጠመዋ!"

"እንገጥመዋለን። እግርህን ማን ያግዝልሃል ልጄ?"

ልጁ ጥያቄው አልገባውም። የነገሩ ቁልፍ ግን እዚህ ላይ ነው፣ ለመንዝ ሾፌር ደግሞ ከማንም ይበልጥ። ታምቡር ውስጥ ካሉት ሸራዎች የፊተኛው፣ ጎማው ሲዞር አብሮ ይጎተትና ከተጫኑት በላይ ይጨመቃል። ማለትም ፍሬኑ ራሱን ያግዛል። ዲስክ ይህ ጸባይ የለውም፤ የሚይዘው በተጫኑት ልክ ነው። ስለዚህ ያንኑ መኪና ለመያዝ በጣም የበለጠ ግፊት ይጠይቃል። ግፊቱን የሚጨምረው ሰርቮው ነው። የትንሹ አይሱዙ ሰርቮ በቫኪዩም ይሠራል፤ በአንድ ወገን አየሩ ይመጠጣል፣ በሌላው ወገን የውጭው አየር ገብቶ ይገፋል። የሾፌሩን እግር የሚያግዘው እንግዲህ የአካባቢው አየር ነው። የመንዝ ደጋ ላይ፣ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ጅቡቲ ወደብ ሲራገፍ ሙሉ ጉልበት የነበረው ሰርቮ ዘመሮ ሲደርስ ሲሦውን ያህል አጥቷል። ልጁ ሊያደርገው ያሰበው እንግዲህ ራሱን የሚያግዘውን ፍሬን አውልቆ እርዳታ ፈላጊውን መግጠም ነው፤ ያውም ረዳቱ በደከመበት አገር።

"እና ፋብሪካ የገጠመው ዲስክ እንዴት ይሠራል?" ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ፋብሪካው ሰርቮውን ያተልቃል ወይም ፍሬኑን በተጨመቀ አየር ያሠራዋል፣ ዘይቱን የሚገፋውን ዋናውን ፖምፓም ለዲስኩ ልክ ይሠራዋል። ከሶማሌ ተራ የሚመጣው ግን ዲስኩና ካሊፐሩ ብቻ ነው። ፖምፓው፣ ሰርቮውና ቧንቧው የድሮዎቹ ናቸው። አንዳንዱ የታምቡር ፍሬን ሸራው እንዳይሸሽ በቧንቧው ውስጥ ትንሽ ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ አለው። ያ ቫልቭ ሳይወጣ ዲስክ ከተገጠመ ሸራው እግር ከተነሳ በኋላም ዲስኩን እየነካ ይሄዳል። መኪናው ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ የሚደርሰው ፍሬኑ ገና ከሜዳው ጀምሮ ግሎ ነው።

የእጅ ፍሬኑ ጉዳይ ቀላል ነው። የትንሹ አይሱዙ የእጅ ፍሬን የሚይዘው ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ስለሆነ አይነካም። ባለ ሃይሉክስ ግን ይጠንቀቅ፤ የእሱ ያለው የኋላው ታምቡር ውስጥ ነው፣ ታምቡሩ ሲወጣ አብሮት ይወጣል።

ከዚህ የሚከፋው የኋላው ብቻ መቀየሩ ነው። የልጁ መኪና አሮጌ ነው፣ የፊቱም ታምቡር ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ የፊቱ ግሎ ሲደክም የኋላው ዲስክ ግን እንደያዘ ይቀጥላል። ከሞላሌ ወዲህ ወዲያ ያለውን ጠጠርና የክረምት ጭቃ የሚያውቅ ሰው ቀጣዩን አይጠይቅም። የኋላው ጎማ ቀድሞ ከተቆለፈ ጭራው ወደ ጎን ይሸሻል፣ መኪናው በወርድ ይዞራል፤ ባዶውን ሲመለስ ደግሞ ኋላው ስለሚቀል ይብስበታል። ካሊፐሩን አክስሉ ላይ የሚያስረው ብረት በብየዳ የተቀጠለ መሆኑን ሲጨምሩበት ነገሩ ሌላ ነው። ብየዳው የበር ማጠፊያ የሚበየድበት ብየዳ ነው፤ የሚሸከመው ግን የሰው ነፍስ ነው።

ለዓመታዊው ቦሎ የሚደረገው ምርመራ ይህን ያጣራል የሚል ካለ፣ ምርመራው አብዛኛውን ጊዜ ሜዳ ላይ፣ በቀዘቀዘ ፍሬን ነው። የቀዘቀዘ ፍሬን ደግሞ ሁሉም ይይዛል።

ሽማግሌው የኋላውን ጎማ አውልቆ ታምቡሩን ከፈተ። ሸራው ሪቬቱ እስኪታይ አልቋል። ታምቡሩ ውስጡ ቦይ ቦይ ሠርቷል። የፍሬን ዘይቱ ቡና መስሏል።

"ዘይቱ መቼ ነው የተቀየረው?"

"መኪናውን ስንገዛት…"

"ያኔ ቀየራችሁት?"

"አይ፣ ያኔም እንዲሁ ነበር።"

አዲስ ዶት 3 ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። የፍሬን ዘይት ግን ውሃ ከአየር ይጠጣል፤ ውሃ የጠጣው ደግሞ 140 ዲግሪ ላይም ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ ቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። የዚያን ቀን ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ የለሰለሰው ምናልባት ለዚህ ነው። ዲስክ ቢገጠምም ያው ዘይት እዚያው ይፈላ ነበር።

ቀጥሎ የሞተሩ ፍሬን ታየ። አይሱዙ ጭስ ማውጫውን አፍኖ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝ የሚያደርግ ቫልቭ ይዞ ይመጣል። የልጁ በጥላሸት ደርቆ ተጣብቋል፣ ቱቦው ተቆርጦ በፕላስቲክ ታስሯል። ከስንት ጊዜ ጀምሮ? አያውቅም። ሳይጠየቅ የተናገረው አንድ ነገር ግን አለ፦ ነዳጅ ከተወደደ ወዲህ ቀለል ያለው ቁልቁለት ላይ ማርሹን ባዶ አድርጎ ይለቃታል። ሽማግሌው ሳቀ። ናፍጣ ሞተር በማርሽ ሲወርድ፣ እግር ከነዳጁ ላይ ከተነሳ፣ ፖምፓው ነዳጅ መርጨቱን ያቆማል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ማርሹ ባዶ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይበላል። ልጁ እየቆጠብኩ ነው ሲል ሁለቱንም ሲያቃጥል ነው የከረመው፣ ነዳጁንም ሸራውንም።

ሕዝቡ አይሱዙን "አልቃይዳ"፣ ሲኖትራክን "ቀይ ሽብር" ብሎ የሰየመው ጎማው ሥር ገብቶ የፍሬኑን ዓይነት አይቶ አይደለም።

ለዲስክ የተቀመጠው ገንዘብ አዲስ ታምቡር ለአራቱም ጎማ፣ ሸራ፣ የጎማ ፖምፓዎቹን ላስቲክ፣ ዘይትና የሞተሩን ፍሬን መጠገኛ ቻለ፤ ትንሽም ተረፈ። ሽማግሌው ዲስኩን ጨርሶ እምቢ አላለም። "የፊቱንም የኋላውንም፣ ፖምፓውንም ሰርቮውንም ከአንድ መኪና፣ ከነአክስሉ አንድ ላይ ካገኘህ አምጣው፣ እኔ እገጥምልሃለሁ" ብሎታል። ልጁ አዲስ አበባ በገባ ቁጥር ሶማሌ ተራ ጎራ እያለ ይጠይቃል።