እግሩን ምን ሆኖ ነው?

ዛሬ እዚህ ጅቡቲ፣ ሃያብለ፣ እኛ ቤት ተሰብስበን የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ደግመን አየን። መብራቱ እየሄደ እየመጣ፣ ሙቀቱን እናንተው ታውቁታላችሁ። ፊልሙ ገና ሳይሟሟቅ ከወዲያ ጥግ ጥያቄ መጣ፦ «ቆይ፣ እግሩን ምን ሆኖ ነው?» ከዚያ በኋላ አላባራም።

ፊልሙም የሚጎትተን በዚሁ ጥያቄ ነው። አንበርብር ከጀርመን አንድ እግሩን አጥቶ፣ ትዝታው ተበታትኖበት ጣና ዳር እናቱ ቤት ይገባል። ዘረኛ ወጣቶች ደብድበው በመስኮት እንደወረወሩት የምናውቀው ግን ዘግይተን ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ የፌስፓኮን ወርቃማ ፈረስ ያገኘው በዋዛ አይደለም። ብዝኃነት ካላችሁ፣ ጀርመን ያወቃት ጥቁሯ ካሳንድራ አለች፣ ጀርመን የቀረው የጓደኛው የተስፋዬ ልጅ አለ፣ መንደሩ ያገለላት አዛኑ አለች። ኃይሌ አዛኑን ለሐሜተኛ አሳልፎ አልሰጣትም፤ ፍቅር ሰጣት። እጁ ይባረክ።

የእግሩ ነገር ግን ይቆረቁረኛል። የሄደው እግር የአንድ ትውልድ ቁስል ማሳያ ሆነ፤ ከሰውየው የዕለት ኑሮ ይልቅ ምስጢሩ ገነነ። በፊልሞቻችን አካል ጉዳት ሁልጊዜ ምክንያት ይጠየቅበታል፦ ወይ እርግማን ነው፣ ወይ ጦርነት፣ ወይ የደራሲው መልእክት።

ከልጅነቱ ጀምሮ በክራንች የሚሄድ ጓደኛ አለን። ሚኒባስ ውስጥ በአማርኛም፣ በሶማልኛም፣ በአፋርኛም ይኸው ጥያቄ ይቀርብለታል፤ መልሱንም በሦስቱም አሳጥሮ ሸምድዶታል። ያውም ሚኒባሱ ከቆመለት! የክራንቹ ጫፍ ላስቲክ በአስፋልቱ አልቆ፣ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጦ በሽቦ አስሮለታል። አስፋልት ላይ ጎበዝ ነው፤ ሴራሚክ ወለል ላይ ግን ያንሸራትተዋል። ባንክ ሲገባ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ነው። ይሄን የትኛው ፊልም ላይ አያችሁ?

ዛሬም አብሮን ነበር። ጥያቄው ሲበዛበት ሲኒውን አስቀምጦ «እስቲ ደግሞ ፍቅር ይዞት እንደሆነ ጠይቁ!» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን የምሩን ነው፤ እኔም የምሬን ነው።

«ክራምብስ»ን አስታወስኩት፤ አንድ ስፔናዊ ዳይሬክተር ኢትዮጵያ ውስጥ ቀርጾ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣውን ፊልም። መሪ ተዋናዩ ዳንኤል ታደሰ ነው፤ የአካል ጉዳቱ የራሱ ነው፣ ለፊልም ተብሎ የተሠራ አይደለም። ፍቅረኛው ማን መሰለቻችሁ? ታዋቂዋ ተዋናይት ሰላም ተስፋዬ! ለምን እንዲህ ሆነ የሚል ማብራሪያ የለም፤ ይዋደዳሉ፣ መንገድ ይሄዳል፣ ይፈራል፣ አለቀ። ዝናው ከ«ጤዛ» ጋር አይወዳደርም፤ በዚህ በኩል ግን ይበልጠዋል።

አዲስ አበባ ያላችሁ የፊልም ልጆች፣ ጤነኛ ተዋናይ ስታስነክሱ ከምትውሉ አካል ጉዳት ያለባቸውን ልጆች ጥሯቸው። ኦዲሽኑንም እባካችሁ ሊፍት የሌለው አራተኛ ፎቅ ላይ አታድርጉት።