ዶሮም ይሞቃታል

«አዲስ አበባ ምን ሙቀት አላት?» የሚል ሰው መጋቢት ላይ ጦር ኃይሎች መጥቶ የእናቴን የዶሮ ቤት ይይልኝ። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ እኩለ ቀን ላይ እንደ ምጣድ ይግላል።

ዶሮ ደግሞ እንደ እኛ አያልባትም፤ አፏን ከፍታ እያለከለከች፣ ክንፏን ከገላዋ እያራቀች ነው ሙቀቷን የምታስወጣው። ሲብስባት መኖ ትተዋለች፤ እንቁላሏ ያንሳል፣ ቅርፊቱም ይሳሳል። የእኔ የታክሲና የፎቶ ኮፒ ገንዘብ የሚወጣው ደግሞ ከዚያው እንቁላል ነው!

ዘንድሮ ጣሪያውን ሣርና ጆንያ አለበስነው፤ አንዱን ግድግዳ በሽቦ ወንፊት ቀየርነው። ውኃውን ጥላ ሥር እያስቀመጥን በቀን ሦስቴ እንለውጣለን፤ መኖ የምንሰጠው ማለዳና አመሻሽ ላይ ነው። «ለፋሲካ የሚታረደውም ቢሆን እስከዚያው አይሰቃይ» ትላለች እማዬ።

ዶሮ ያላችሁ የትምህርት ክፍላችን ልጆች፣ ሞክሩት፤ ወጪው ሽቦው ብቻ ነው።