አትላንታ ሠራች፣ ዲትሮይት ተኛች ለሚሉ

የዛሬውን ቪዲዮ ያላየ የለም መቼስ። ጠዋት ቴሌግራም ላይ ዞረ፣ ከሰዓት ቲክቶክ ላይ ደረሰ፣ ማታ የሲልቨር ስፕሪንግ ካፌዎች ወሬ ሆነ። ሰውዬው መኪናውን እየነዳ የአትላንታ ጥቁር ሠርቶ አደገ፣ የዲትሮይት ጥቁር ተኝቶ ደኸየ ይላል። ከሥሩ የተደረደረው አስተያየት ደግሞ አብዛኛው "እውነት ነው ወንድሜ" ነው።

እውነት አይደለም። ይህን ለማየት ወደ ጃንዋሪ 1974 መመለስ ይበቃል (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ወር ሁለቱም ከተሞች የመጀመሪያ ጥቁር ከንቲባቸውን ወንበር ላይ አስቀመጡ፤ አትላንታ ሜይናርድ ጃክሰንን፣ ዲትሮይት ኮልማን ያንግን። ሁለቱም ደፋር፣ ሁለቱም ለወገናቸው ሥራ ለማምጣት ቆርጠው የተነሡ ነበሩ። የተረከቡት ግን ለየቅል ነው።

ጃክሰን የተረከበው ከተማ የራሱ የሆነ፣ ሊስፋፋ የደረሰ አውሮፕላን ማረፊያ ነበረው። ከከተማው ሕዝብ ከግማሽ በላዩ ጥቁር ቢሆንም ከከተማው ኮንትራት ለጥቁር ድርጅቶች ይደርስ የነበረው አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ጃክሰን ከአዲሱ ተርሚናል ሥራ 25 በመቶው ለአናሳ ወገን ድርጅቶች ካልደረሰ ግንባታው አይጀመርም ብሎ ቆመ። ተቋራጮቹ አኮረፉ፣ ነጋዴው ጮኸ፤ እሱ ግን ንቅንቅ አላለም። የከተማውን ገንዘብ የሚያስቀምጡ ባንኮችም ጥቁሮችን በኃላፊነት ካላስገቡ ገንዘቡ እንደሚወጣ ተነገራቸው። ተርሚናሉ በ1980 ተከፈተ።

ከዚያ ሥራ ከተጠቀሙት አንዱ ኸርማን ራስል ነው። አባቱ የልስን ሠራተኛ ነበሩ። ልጅየው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ትንሽ ቦታ ገዝቶ፣ ሁለት ቤተሰብ የሚይዝ ቤት ሠርቶበት፣ በኪራዩ ታስኬጊ ኢንስቲትዩት ገብቶ ተማረ። በሩ ሲከፈት ሙያውም ሠራተኛውም በእጁ ነበር። አትላንታ እንዲህ ያሉ ሰዎችን ስታፈራ የቆየች ከተማ ናት። በባርነት የተወለደው አሎንዞ ኸርንደን ፒችትሪ ጎዳና ላይ ክሪስታል መብራት የተንጠለጠለበት ፀጉር ቤት ነበረው፤ ደንበኞቹ ግን ነጮች ብቻ። በ1905 እንደ እኛ እድር ያለ አንድ ትንሽ የቀብር መረዳጃ ማኅበር በ140 ዶላር ገዛ፤ አትላንታ ላይፍ የተባለው ትልቁ ኢንሹራንስ የተነሣው ከዚያ ነው።

ያንግስ ምን ተረከበ? ኑሮው በመኪና ፋብሪካ ላይ የቆመ ከተማ፤ ፋብሪካው ደግሞ የከተማው አይደለም። ባለቤቶቹ ሥራውን ወደ ዳር ከተሞችና ወደ ደቡብ ሲያዞሩ ከንቲባው የሚፈርመውም የሚከለክለውም ነገር አልነበረም። በ1950 1.85 ሚሊዮን ሕዝብ የነበራት ዲትሮይት በ1990 አንድ ሚሊዮን ገደማ ቀራት። ግብር ከፋዩ ሲሄድ ቧንቧውና መንገዱ፣ የጡረታ ዕዳውም፣ እዚያው ቀረ። በ1981 ያንግ ጄኔራል ሞተርስ እንዳይሄድበት ብሎ ፖልታውን የሚባለውን ሰፈር አስፈርሶ ከ4,000 በላይ ሰው አስነሣ። ጃክሰን ደንብ ሲያወጣ ያንግ ይለማመጥ ነበር፤ የሰዎቹ ብርታት ሳይሆን በእጃቸው የነበረው ነገር ነው የተለያየው።

ጥቁር ነጋዴው የነበረበት ሄስቲንግስ ጎዳናም ከያንግ በፊት ለክራይስለር አውራ ጎዳና ተብሎ ጠፍቶ ነበር። ጆ ቮን ባትል የሚባል ሰው እዚያ የሙዚቃ ሸክላ ይሸጥ ነበር፤ ገና ልጅ የነበረችው አሬታ ፍራንክሊን መዝሙሮቿን የቀረጸላት እሱ ነው። መንገዱ ሲመጣበት ሱቁን ነቅሎ 12ኛ ጎዳና ላይ ከፈተ። ያም በ1967ቱ ብጥብጥ ወደመ። ከዚህ ሰው በላይ ማን ይሥራ?

ሱቅ መንቀል ከተነሣ አይቀር የዋሽንግተኑ 9ኛ ጎዳና ነገር ይነሣ። በ2005 ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ዩ ጎዳና አጠገብ ያለው ያ መንገድ "ትንሿ ኢትዮጵያ" ተብሎ ይሰየም ሲሉ የሾ ሰፈር ጥቁር አሜሪካውያን ተቃወሙ። ብዙ አበሻ ዛሬም ሲያነሣው ያመዋል፤ "ቀኑብን" ይላል። የሾ ሰው ያለፈበትን ግን ማየት ነው። በ1968 በከተማው ከተነሣው ብጥብጥና ቃጠሎ የተረፈው ሱቅ፣ ዩ ጎዳና ለምድር ባቡር ተቆፍሮ ደንበኛ ጠፋበት። ጣቢያው በ1991 ተከፍቶ ሰፈሩ መሞቅ ሲጀምር ደግሞ ኪራዩ ሰማይ ወጣ። በ1970 ከመቶ ሰባው ጥቁር የነበረበት ከተማ ዛሬ ግማሽ አይሞላም። ለሾ ሰው የቀረለት የሰፈሩ ታሪክ ነበር፤ እሱም የሌላ ስም ሊሰጠው ሲል ደነገጠ። ይህን ድንጋጤ አበሻም ያውቀዋል፤ ከዚያ አካባቢ ስንቱ ምግብ ቤት ነው ኪራይ አባሮት ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ የገባው?

"ሰነፎች" የሚለው ሰው የገባበትን በር ማን እንደከፈተለት ቢጠይቅ ምናለ። ጥቁር አሜሪካውያን የታገሉለት የምርጫ መብት ሕግ በኦገስት 1965 ተፈረመ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ የትውልድ አገር ኮታን የሻረው የኢሚግሬሽን ሕግ ተከተለ። ጃክሰን የታገለለትን ዓይነት ደንብ የፌዴራሉ መንግሥትም ለአውሮፕላን ማረፊያ ሱቆች አወጣ፤ ከአፍሪካ መጥቶ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ የሆነ ጥቁርም ለአሥርት ዓመታት ተጠቀመበት። ይህ ውለታ ነው፤ ውለታ ደግሞ በስድብ አይመለስም።

አትላንታም ብትሆን ለሁሉም አልደረሰችም። ኢኮኖሚስቱ ራጅ ቼቲና ባልደረቦቹ በ2014 ባወጡት ጥናት መሠረት በአትላንታ አካባቢ ከድሃው አንድ አምስተኛ ቤተሰብ የተወለደ ልጅ ከላይኛው አንድ አምስተኛ የመድረስ ዕድሉ 4.5 በመቶ ነው፤ ከትልልቆቹ ከተሞች መጨረሻ አካባቢ። ቦስተን ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ሞልቶ፣ ባንኩ ሞልቶ፣ በ2015 የቦስተን ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ያወጣው ጥናት የነጭ ቤተሰብ መካከለኛ ሀብት 247,500 ዶላር፣ አሜሪካ የተወለደው ጥቁር ቤተሰብ 8 ዶላር ነው አለ። ስምንት ዶላር! ሺህ አልተዘለለም።

እንደ ጃክሰን ያለውን ደንብ የሚሽር ፍርድ ቤትም አለ። የቨርጂኒያዋ ሪችመንድ ግማሽ ሕዝቧ ጥቁር ሆኖ ከዋና ኮንትራቶቿ ለአናሳ ወገን ድርጅቶች የደረሰው 0.67 በመቶ ነበር። በ1983 ከየኮንትራቱ 30 በመቶው ለእነሱ ይሁን ብላ ደነገገች፤ በ1989 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰረዘባት። በዚያው ዓመት የጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም የአትላንታን የኮንትራት ፕሮግራም ጣለው። ያኔ ብዙ ከተሞች እጃቸውን ሰጡ። በ1990 ወደ ከንቲባነት የተመለሰው የጃክሰን ከተማ ግን ገንዘብም ምሁርም ነበረው፤ የመጀመሪያው ጥቁር የፌዴራል ሪዘርቭ ቦርድ አባል የነበሩት አንድሩ ብሪመርና የቀድሞው የሠራተኛ ሚኒስትር ሬይ ማርሻል መድልዎውን በሰነድ የሚያስረዳ ከ1,000 ገጽ በላይ ጥናት ሠሩለት። ያንን ይዞ ደንቡን መለሰው።