ሳንድኸርስት የገባው ልጅ

መምህራችን «ስለ አንድ የእንግሊዝ ጦር መኮንን ጻፉ» ሲሉን ብዙዎቻችን ናፒየርን መረጥን። መቅደላን የያዘ፣ በኋላም የመቅደላ ሎርድ የተባለ ሰው ስለሆነ ጽሑፍ አይጠፋለትም። እኔ ግን ንባቡን ስጀምር ልቤ ከልጁ ላይ ቀረ።

ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ፣ አባቱ እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲገድሉ፣ ገና 7 ዓመት አልሞላውም። እንግሊዞች ወሰዱት፣ ራግቢ ትምህርት ቤት አስገቡት። በ1878 ደግሞ መኮንን እንዲሆን ሳንድኸርስት ወታደራዊ ኮሌጅ ገባ። የንጉሥ ልጅ ሌላ ምን ይሁን ብለው ይመስለኛል። አልሆነለትም። ብዙም ሳይቆይ ለቆ ወጣ፤ በ1879 ሊድስ ከተማ ውስጥ በሳንባ በሽታ ሞተ። 18 ዓመቱ ነበር። የተቀበረው ዊንዘር ነው። አጽሙ ይመለስ ተብሎ ሲጠየቅ ቤተ መንግሥቱ በ2023 «የሌሎቹን መቃብር ሳይነካ አይሆንም» የሚል መልስ ሰጠ።

ታላቅ ወንድሜ ከአንጋጫ ተነስቶ ደቡብ አፍሪካ ሲሄድ እሱም 18 ዓመቱ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ሞተ። እዚያ ያሉ ያገር ልጆች ገንዘብ አዋጥተው አስከሬኑን ላኩልን። አንጋጫ ቀበርነው፤ እማዬ ስትፈልግ ሄዳ ታየዋለች።

ለእረፍት ቤት ስገባ የዓለማየሁን ነገር አጫወትኳት።

«እናቱስ?» አለችኝ።

እቴጌ ጥሩወርቅ አብረውት ሲሄዱ፣ ባሕሩ ጋ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ሞቱ አልኳት።

«እንኳንም አላዩ» አለችና ወደ ቡናዋ ዞረች።